የአብሰርድ ተውኔትን ጭብጥ እንዴት እናውጣ? ከመጀመሪያው ንባብ እስከ ጭብጡ ዓረፍተ ነገር

አብሰርድ ተውኔት የምንለው የተለመደውን የታሪክ አካሄድ ትቶ ትርጉም ያጣ ዓለም የሚያሳየውን ተውኔት ነው። ስለ እሱ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ተውኔቱን አንብቤ ጨረስኩ፤ ግን ምንም አልተፈጠረም። ጭብጡ ምንድን ነው ብዬ ልጻፍ?» የቴአትር ተማሪዎች ይጠይቁኛል። ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑም ይጠይቁኛል። ተውኔቱን መድረክ ላይ ለማውጣት የሚያስቡ አማተሮችም እዚያው ላይ ይቆማሉ። መልሱን አንድ ቦታ ላይ ላስቀምጠው።

ግራ የተጋባችሁት ሰንፋችሁ አይደለም። ትምህርት ቤት የተማርነው የጭብጥ አፈላለግ ለሌላ ዓይነት ተውኔት የሚሆን ነው። ግጭቱ በማንና በማን መካከል ነው? ጡዘቱ የት ነው? መፍትሔውስ? እነዚህን ብቻ ይዛችሁ ወደ አብሰርድ ተውኔት ከገባችሁ ባዶ እጃችሁን ትወጣላችሁ። እዚህ ጭብጡ ያለው በአብዛኛው ተውኔቱ በተሠራበት መንገድ ውስጥ ነው። በድግግሞሹ፣ በዝምታው፣ በዕቃው፣ በአጨራረሱ። ገፀ ባሕርያቱ የሚናገሩት ነገር ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማስረጃ ነው።

መመሪያው በተለይ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ለተጻፉት ተውኔቶች ይሠራል፦ ለሳሙኤል ቤኬት፣ ለዩጂን ኢዮኔስኮ፣ ለሃሮልድ ፒንተር፣ ለኤድዋርድ አልቢ፣ ለቫክላቭ ሃቬል ሥራዎች። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዋና ምሳሌዬ የቤኬት «ጎዶን ጥበቃ» ነው፤ መጀመሪያ ፓሪስ ላይ በጥር 1953 መድረክ የወጣው። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ እሱ ስለሆነ ነው። በተውኔቱ ሁለት ሰዎች፣ ቭላዲሚርና ኤስትራጎን፣ መንገድ ላይ በአንድ ዛፍ አጠገብ ጎዶ የሚባል ሰው ይጠብቃሉ፤ ጎዶ ግን አይመጣም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሙሉው ተውኔት። ማጠቃለያው ወይም ከኢንተርኔት የተቀነጨበው አይበቃም። የመድረክ መግለጫዎቹ ሳይቆረጡ መኖራቸውን አረጋግጡ።
- ገጹ መሀል ለመሀል በመስመር የተከፈለ ደብተር።
- ሁለት የተለያየ ቀለም ያለው እስክሪብቶ።
- የስልክ ሰዓት ቆጣሪ።
- አብሯችሁ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ አንድ ሰው። ከተቻለ ሁለት።
- ለንባቡ የማይቋረጥ ጊዜ። «ጎዶን ጥበቃ» ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ዝምታዎቹን ካከበራችሁ ትንሽ ይበልጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። በእነዚህ ተውኔቶች ውስጥ ራስን ስለማጥፋት፣ ስለ እርጅና፣ ስለ ብቸኝነት ፊት ለፊት ይወራል። በከባድ ጊዜ ውስጥ ያላችሁ ከሆነ ብቻችሁን ሌሊት ላይ አታንብቡት። ከሰው ጋር አንብቡት፤ ወይም ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ደረጃ 1፦ በአንድ ተቀምጦ የሚያልቅ ተውኔት ምረጡ

መምህር ካልመረጠላችሁ በባለ አንድ ገቢር ጀምሩ። የፒንተር «ዘ ደምብ ዌይተር» እና የኢዮኔስኮ «ራሰ በራዋ ዘፋኝ» ጥሩ መግቢያ ናቸው። የመጀመሪያው ትንሽ ታሪክ ስላለው እጃችሁን ይዞ ያስገባችኋል። ሁለት ቅጥር ገዳዮች ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጠው ትእዛዝ ይጠብቃሉ።

ለምን በአንድ ተቀምጦ? የድግግሞሽ ትርጉም የሚገባው መጀመሪያው ገና ትዝ ሲል ነው። ዛሬ አንዱን ገቢር፣ በሳምንቱ ሌላውን ካነበባችሁ ሁለተኛው ገቢር የመጀመሪያው ቅጂ መሆኑ ያመልጣችኋል። በ«ጎዶን ጥበቃ» ይህ ካመለጠ ዋናው ነገር አመለጠ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ እስክሪብቶ አትያዙ

በመጀመሪያው ንባብ ምንም አትጻፉ። ቃለ ተውኔቱን ተከፋፈሉና አንብቡ። የመድረክ መግለጫው «ዝምታ» ሲል የምር ዝም በሉ። ሰዓት ቆጣሪው ለዚህ ነው። ለአጭር ፋታ ሦስት ሰከንድ፣ ለረጅም ዝምታ ሰባት ሰከንድ ያህል ቆዩ። ሰባት ሰከንድ ረጅም ነው። ትጨነቃላችሁ፤ ፈገግ ትላላችሁ፤ ለመናገር ትቸኩላላችሁ። ያንን ስሜት ያዙት። ገፀ ባሕርያቱም የሚያወሩት ከዚያው ዝምታ ለማምለጥ ነው።

ዝምታዎቹን ዘልላችሁ ካነበባችሁ የሚቀራችሁ የሁለት ሰዎች ተራ ጨዋታ ብቻ ነው።

በዚህ ደረጃ ትንታኔ አታንብቡ፤ ፍልስፍናም አትፈልጉ። በ1957 አንድ የሳን ፍራንሲስኮ የቴአትር ቡድን «ጎዶን ጥበቃ»ን ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳን ኩዊንቲን እስር ቤት አሳይቶ ነበር፤ 1,400 ያህል እስረኞች ፊት። ስለ አዲሱ የቴአትር ስልት ማንም አላስተማራቸውም። ግን በጥሞና ተከታተሉት፤ ገባቸውም። መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቁታል። እናንተም የሆነ ነገር ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ። ቪዛ፣ ውጤት፣ የሥራ ጥሪ፣ ከሩቅ የሚመጣ ሰው። ከዚያ ተነሡ።

ደረጃ 3፦ በሁለት ዓምድ «ምን ተባለ» እና «ምን ተደረገ» ብላችሁ ጻፉ

አሁን ደብተሩን አውጡ። በግራ በኩል ገፀ ባሕርያቱ የሚሉትን፣ በቀኝ በኩል በአካል የሚያደርጉትን ጻፉ። ሁሉንም ገጽ አይደለም። ሁለቱ የማይገጥሙበትን ቦታ ብቻ።

ከ«ጎዶን ጥበቃ» የሚወጣው ይህን ይመስላል፦

- ተባለ፦ እንሂድ። ተደረገ፦ ማንም አልተንቀሳቀሰም።
- ተባለ፦ ሚስተር ጎዶ ዛሬ አይመጣም፤ ነገ ግን በእርግጠኝነት ይመጣል። ተደረገ፦ በነጋታውም ልጅ መጥቶ ያንኑ ተናገረ።
- ተባለ፦ በዛፉ ላይ እንሰቀል። ተደረገ፦ የኤስትራጎን ሱሪ የታሰረበት ገመድ ሲፈታ ሱሪው ወለቀ፤ ገመዱም ሲጎተት ተበጠሰ።

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ ነው። በተለመደው ተውኔት ሰው «እሄዳለሁ» ካለ ይሄዳል፤ ካልሄደም አንድ ያገደው ምክንያት ይኖራል። እዚህ ያገደ የሚታይ ነገር የለም። በሩ አልተዘጋም፤ መንገዱ ክፍት ነው። ቃልና ድርጊት የተለያዩበት ያ ክፍተት ራሱ ጭብጡን ይዟል። ሰው ፈቃዱን ይናገራል፤ ፈቃዱ ግን ወደ እግሩ አይደርስም።

በቤኬት «የጨዋታው ማብቂያ» (1957) አገልጋዩ ክሎቭ ጌታውን ሃምን ደጋግሞ «ትቼህ እሄዳለሁ» ይለዋል። መጨረሻ ላይ የጉዞ ልብሱን ለብሶ በሩ አጠገብ ይቆማል። መጋረጃው ሲዘጋም እዚያው ነው። ይህን በሁለቱ ዓምድ ከጻፋችሁት የትንታኔያችሁ ግማሽ አለቀ።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ጎን ለጎን አስቀምጡ

የመጀመሪያውን ሁለት ገጽና የመጨረሻውን ሁለት ገጽ ተከታትላችሁ አንብቡ። ተውኔቱ ባለ ሁለት ገቢር ከሆነ የእያንዳንዱን ገቢር መክፈቻና መዝጊያ አወዳድሩ። በአንድ ቀለም ያልተቀየረውን፣ በሌላው የተቀየረውን አስምሩ።

በ«ጎዶን ጥበቃ» ያልተቀየረው፦ መንገዱ፣ ምሽቱ፣ ጥበቃው፣ ልጁ ይዞ የሚመጣው መልእክት፣ የመዝጊያው ንግግር። የመዝጊያው ንግግር ግን ተናጋሪው ተለዋውጧል። በመጀመሪያው ገቢር የሚጠይቀው ኤስትራጎን ነው፤ በሁለተኛው ቭላዲሚር።

የተቀየረው፦ ዛፉ ጥቂት ቅጠል አውጥቷል። በዚያ መንገድ የሚያልፈው ጌታ ፖዞ ታውሯል። በገመድ የሚነዳው ባሪያው ለኪ ዲዳ ሆኗል። ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ በጣም አጥሯል። ያ ገመድ ብዙ አንባቢ የሚያልፈው ዝርዝር ነው፤ እኔ ግን በጣም ነው የምወደው። ፖዞ ሲታወር እንዳይጠፋ ወደ ባሪያው መጠጋት አለበት። ጌትነቱ ሳይፈርስ ጥገኛ ሆነ። አንድም ቃል ሳይነገር፣ በገመድ ርዝመት ብቻ።

አሁን ጠይቁ፦ ለውጡ ወደ የት ነው? ወደ መሻል ነው ወይስ ወደ መበስበስ? እዚህ ሰዎቹ እየባሰባቸው ሄዷል፤ ሁኔታው ግን ያው ነው። ጊዜ ያልፋል፤ ወደ አንድ ግብ ግን አያደርስም። ይህ ከዋና ዋናዎቹ የአብሰርድ ጭብጦች አንዱ ነው፦ የጊዜ ክብነት።

ሌሎቹ ላይም ሞክሩት። «ራሰ በራዋ ዘፋኝ» (1950) የሚያልቀው ከመጀመሪያው በመጀመር ነው፤ የስሚዝ ባልና ሚስትን ቦታ የማርቲን ባልና ሚስት ወስደው ያንኑ ንግግር ይደግማሉ። ሰዎቹ ሲቀያየሩ ንግግሩ ካልተቀየረ፣ ከሰው ማንነት ምን ቀረ? በኢዮኔስኮ «ትምህርቱ» (1951) ደግሞ ፕሮፌሰሩ ተማሪዋን ከገደለ በኋላ ደወል ይጮኻል፤ ቀጣይዋ ተማሪ መጣች። ሁለቱም ይዞራሉ። አንዱ ዙር ግን የባዶነት ነው፤ ሌላው የዓመፅ። «ይደጋገማል» ብሎ ማቆም ስለዚህ አይበቃም። ምን እንደሚደጋገም ጻፉ።

ደረጃ 5፦ ቋንቋው የት እንደሚሰበር ምልክት አድርጉ

የቋንቋ መክሸፍ በሁሉም ጸሐፊዎች ዘንድ አለ፤ አከሻሸፉ ግን የተለያየ ነው። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ።

*ባዶ ንግግር።* በ«ራሰ በራዋ ዘፋኝ» ሚስስ ስሚዝ መጋረጃው ሲከፈት ለባሏ እራት ምን እንደበሉ ትነግረዋለች። እሱም አብሮ በልቷል። አዲስ ነገር የለም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ኢዮኔስኮ ይህን ተውኔት የጻፈው እንግሊዝኛ ለማስተማር ከተዘጋጀ መጽሐፍ ተነሥቶ ነው። «ሳምንት ሰባት ቀን አለው» ዓይነት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው ያስደነቁት። ለመለማመድ፣ ከጓደኛችሁ ጋር የኛን ረጅም ሰላምታ ያለማቋረጥ ለሁለት ደቂቃ ተቀባበሉ። እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ሰላም ነው፣ ቤተሰብ ደህና፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ተመስገን፣ ደህና ነህ ግን? መልስ ሳይሰማ ጥያቄው ሲቀጥል የኢዮኔስኮን ቃለ ተውኔት አሠራር በአፋችሁ ትይዙታላችሁ። ልዩነቱ እኛ ሰላምታው ውስጥ ፍቅር አለን፤ በስሚዞቹ ቤት ከንግግሩ በስተጀርባ ማንም የለም።

*ከልክ ያለፈ ንግግር።* በ«ጎዶን ጥበቃ» ለኪ «አስብ» ተብሎ ሲታዘዝ ገጾች የሚሸፍን ንግግር ያለ ነጥብ ያወርደዋል። ሥነ መለኮት፣ ሳይንስ፣ ስፖርት፣ የሰው ልጅ እየመነመነ መሄድ፣ ሁሉም ተደባልቆ። ዝም ብላችሁ አትዝለሉት። የምሁር አነጋገር ቁርጥራጮቹን አስምሩባቸው። ማሰብ በትእዛዝ ሲሆን፣ እውቀትም ከትርጉሙ ሲነጠል የሚቀረውን ነው የምትሰሙት።

*የመሥሪያ ቤት ቋንቋ።* በሃቬል «ማስታወሻው» (1965) አንድ መሥሪያ ቤት ስሕተት የማይፈጥር ተብሎ የተሠራ «ፕቲዴፔ» የሚባል ቋንቋ ያስገባል። ዳይሬክተሩ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ለማስተርጎም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ ሌላ ፈቃድ። ይህ ለኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በትንታኔያችሁ ግን ከ«ቢሮክራሲ አስቸጋሪ ነው» አልፋችሁ ሂዱ። ቋንቋው ሰውን ለማግባባት መሥራቱን ትቶ ሰውን ለመግዛት መሥራት የጀመረበትን ቦታ አሳዩ።

*ማስፈራሪያ የያዘ ዝምታ።* በፒንተር ቃለ ተውኔት ሰዎቹ ስለ ሻይና ስለ ጋዜጣ ያወራሉ። አደጋው ፋታዎቹ ውስጥ ነው። ከእያንዳንዱ ፋታ ቀጥሎ ርዕስ የቀየረው ማን እንደሆነ ጻፉ። ርዕስ የሚቀይረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ነገር አለው፤ ወይም ሥልጣኑ እሱ ጋር ነው።

*ያልደረሰ መልእክት።* በኢዮኔስኮ «ወንበሮቹ» (1952) ሁለት አረጋውያን የሕይወት ዘመናቸውን መልእክት በአንድ ተናጋሪ አፍ ለዓለም ሊያሰሙ እንግዳ ይጠራሉ። እንግዶቹ አይታዩም። ሽማግሌዎቹ መልእክቱ በጥሩ እጅ ነው ብለው በመስኮት ዘልለው ይሞታሉ። ተናጋሪው አፉን ሲከፍት መስማትም መናገርም የተሳነው ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚያመው ይህ ነው።

ደረጃ 6፦ ዕቃውንና ቦታውን መርምሩ

መቼቱን አንድ ገጽ ላይ ሣሉት። ሥዕሉ መጥፎ ቢሆንም ይሁን። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ዕቃ ሰውየውን ምን ያሳጣዋል?

በቤኬት «ደጎቹ ቀናት» (1961) ዊኒ በመጀመሪያው ገቢር እስከ ወገቧ፣ በሁለተኛው እስከ አንገቷ አፈር ውስጥ ተቀብራለች። አፈሩ መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ እጆቿን አሳጣት። እጆቿን ስታጣ ቦርሳዋን፣ የጥርስ ብሩሿን፣ ጃንጥላዋን አጣች። ቀኗን የምትሞላበት ሥራ ሁሉ እየሄደ ነው፤ እሷ ግን ቀኑ ደግ እንደሆነ ትናገራለች። በ«ወንበሮቹ» ደግሞ ወንበሮቹ እየበዙ ሲሄዱ ባልና ሚስቱ እርስ በርስ መድረስ ያቅታቸዋል። የሚሞቱትም ተለያይተው ነው።

ይህን ጥያቄ የምንጠይቀው «ዛፉ የምን ምልክት ነው?» ከሚለው ስለሚሻል ነው። የምልክት ጥያቄ ወደ ግምት ይወስዳል። ዛፉ ተስፋ ነው፣ ዛፉ መስቀል ነው፣ ዛፉ ሕይወት ነው፤ ሁሉም ይቻላል፣ የትኛውም አይረጋገጥም። ዕቃው የሚሠራውን ከጻፋችሁ ግን ማስረጃው መድረኩ ላይ ነው።

ደረጃ 7፦ ጥንዶቹን አግኙ

አብሰርድ ተውኔት ጥንድ ይወዳል። ቭላዲሚርና ኤስትራጎን፣ ፖዞና ለኪ፣ ሃምና ክሎቭ፣ የ«ደምብ ዌይተር» ገዳዮች ቤንና ገስ፣ ጄሪና ፒተር። ለእያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ነገር ጻፉ፦ አንዱ ያለ ሌላው ምን ይጎድለዋል? ትእዛዝ የሚሰጠውስ ማን ነው? ሃም መቆም አይችልም፤ ክሎቭ መቀመጥ አይችልም። እንግዲህ እንዴት ይለያዩ?

እዚህ ሁለት የተለያዩ ጭብጦች ስለሚገኙ አትደባልቋቸው። አንዱ መገለል ነው። በአልቢ «የአራዊት ማቆያው ታሪክ» (1959) ጄሪ ከአንድ የማያውቀው ሰው፣ ከፒተር፣ ጋር በሴንትራል ፓርክ አግዳሚ ወንበር ላይ ለመግባባት ይሞክራል። የሚሳካለት በጩቤ ሲሞት ነው። ሌላው ጭብጥ ሥልጣን ነው። በ«ደምብ ዌይተር» ከላይ በምግብ ማመላለሻ አሳንሰር የሚወርደው ትእዛዝ ከማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለቱ ሰዎች ግን ያላቸውን ብስኩትና ወተት ሳይቀር ይልካሉ። ማን እንደሚያዛቸው ሳያውቁ መታዘዛቸውን ልብ በሉ።

ደረጃ 8፦ የሳቃችሁበትን ቦታ አስምሩ

ካልሳቃችሁ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፤ ድምፅ ሳታወጡ ነው ያነበባችሁት ማለት ነው። እነዚህ ጸሐፊዎች ከሰርከስና ከድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን ብዙ ወስደዋል። ባርኔጣ መቀያየር፣ መውደቅ፣ የሚወልቅ ሱሪ። በሳቃችሁበት መስመር አጠገብ ቀጥሎ ምን እንደመጣ ጻፉ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሚያሳምም ነገር ነው። የሱሪውን ትዕይንት አስታውሱ፤ የሚያስቀው ገመድ የመሰቀያው ገመድ ነው። ሁለቱ በአንድ ዕቃ ላይ መገናኘታቸው የታሰበበት ነው። ትንታኔያችሁ ሐዘኑን ብቻ ከጻፈ ተውኔቱን ግማሽ አድርጎታል።

ደረጃ 9፦ ማስረጃዎቹን ሰብስባችሁ ስም ስጧቸው

እስካሁን ጭብጥ የሚለውን ቃል ሳልገፋ የቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ስሙን ቀድማችሁ ከመረጣችሁ ማስረጃውን ወደ ስሙ ትጎትቱታላችሁ። አሁን ግን ደብተራችሁ ሞልቷል። በብዛት የሚመጡት እነዚህ ናቸው፦ ግብ የሌለው ጊዜና ጥበቃ፣ የቋንቋ መክሸፍ፣ መገለል፣ ጥገኝነትና ሥልጣን፣ የማንነት መጥፋት፣ ሞትና የአካል መድከም፣ መልስ የማይሰጥ ዓለም።

ከእነዚህ ሁለቱን ብቻ ምረጡ። ብዙ ማስረጃ ያገኛችሁበትን አንድ ዋና፣ ከእሱ ጋር የተያያዘ አንድ ደጋፊ። ሰባቱንም በአንድ ተውኔት ላይ የሚዘረዝር ጽሑፍ አንዱንም አያሳይም።

ደረጃ 10፦ ጭብጡን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

አንድ ቃል ጭብጥ አይደለም። «የተውኔቱ ጭብጥ ተስፋ መቁረጥ ነው» ብትሉ ምንም አልተናገራችሁም፤ ያ ለሺህ ተውኔት ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ተውኔቱ ስለ ምን ይናገራል፣ ስለዚያ ነገር ምን ይላል፣ በየትኛው አሠራር ይለዋል።

እንዲህ፦ «ጎዶን ጥበቃ መጠበቅ ራሱ የሰውን ኑሮ ሊተካ እንደሚችል ያሳያል። ሁለቱ ሰዎች የሚጠብቁት ባይመጣም ጥበቃው ቀናቸውን ይሞላል፣ ከቦታቸውም አያላውሳቸውም። ሁለቱም ገቢሮች ‹እንሂድ› ተብሎ ማንም ሳይንቀሳቀስ መዘጋታቸው ይህን ያጸናል።»

ይህን ከጻፋችሁ በኋላ ፈትኑት። የተውኔቱን ስም አውጥታችሁ የሌላ ተውኔት ስም አስገቡ። አሁንም እውነት ከሆነ በጣም ልል ነው፤ አጥብቁት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

*«ጎዶ ማለት እግዚአብሔር ነው» ብሎ መዝጋት።* ንባቡ መነሻ አለው፤ ልጁ ጎዶ ነጭ ጢም እንዳለው፣ በግ ጠባቂና ፍየል ጠባቂ እንዳለው ይናገራል። ግን ቤኬት ተውኔቱን የጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ የእግዚአብሔር ስም እንደ እንግሊዝኛው «ጎድ» ከጎዶ ጋር አይመሳሰልም። ጎዶ ማን እንደሆነ ሲጠየቅም፣ ባውቅ ኖሮ ተውኔቱ ውስጥ እናገረው ነበር ብሏል። እንደ አንድ አማራጭ ንባብ አቅርቡት፤ እንደ ቁልፍ አይሁን።

*«ትርጉም የለውም» ብሎ ማምለጥ።* ተውኔቱ ትርጉም ያጣ ዓለም ያሳያል ማለትና ተውኔቱ ትርጉም የለውም ማለት ሰማይና ምድር ናቸው። እነዚህ ተውኔቶች እያንዳንዱ ፋታ ተለክቶ የተጻፉ ናቸው።

*ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት።* ጸሐፊዎቹ ማኅበር አልመሠረቱም። «አብሰርድ» የሚለው የወል ስም የተስፋፋው ሃያሲው ማርቲን ኤስሊን በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። የቤኬት መንገድ አገር የለውም። የሃቬል መሥሪያ ቤት ግን በኮሚኒስት ቼኮስሎቫኪያ ሥር የኖረ ሰው የጻፈው ነው። በኢዮኔስኮ «አውራሪስ» (1959) የአንድ ከተማ ሰው በየተራ አውራሪስ ሲሆን ቤራንዤ ብቻውን ይቀራል። ኢዮኔስኮ በወጣትነቱ በሩማንያ ወዳጆቹ አንድ በአንድ ወደ ፋሺዝም ሲሳቡ አይቷል። ያ ተውኔት በመንጋ መከተልን ስለመቃወም ነው፤ ከቤኬት ጥበቃ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ሁለቱንም ይጎዳል።

*ካሙን እንደ ማስረጃ መጥቀስ።* ፈረንሳዊው ጸሐፊ አልበር ካሙ በ1942 ስለ ሲሲፈስ (ድንጋይ ወደ ተራራ ለዘላለም እንዲገፋ ስለተፈረደበት የግሪክ አፈ ታሪክ ሰው) የጻፈው ድርሰት የአብሰርድን ሐሳብ ለመረዳት ይረዳል። የተውኔቱ ማስረጃ ግን ተውኔቱ ውስጥ ነው። ሦስት ገጽ ፍልስፍና ጽፎ ስለ ገመዱ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ዛፉ አንድም መስመር የሌለው ጽሑፍ ብዙ አይቻለሁ።

*ታሪኩን መተረክ።* «መጀመሪያ ኤስትራጎን ጫማውን ለማውለቅ ይታገላል፣ ቀጥሎ…» እያሉ መሄድ ትንታኔ አይደለም። ድርጊት ስትጠቅሱ በዚያው ዓረፍተ ነገር ለምን እንደጠቀሳችሁት ተናገሩ።

መድረክ ላይ ለምታወጡት ማስጠንቀቂያ

ፋታና ዝምታ አትቁረጡ። ተመልካች ይሰለቻል ብላችሁ ስታሳጥሩ የምትቆርጡት ጭብጡን ነው። «ለአገራችን እንዲስማማ» ብላችሁም ጎዶ መጨረሻ ላይ እንዲመጣ አታድርጉ፤ ይህን ሐሳብ ከአንድ በላይ ቡድን አንሥቶብኛል።

ፈቃድም ጠይቁ። ቤኬት የሞተው በ1989፣ ኢዮኔስኮ በ1994፣ ፒንተር በ2008 ነው፤ ሥራዎቻቸው በብዙ አገር ገና በቅጂ መብት ሥር ናቸው። በተለይ የቤኬት ወራሾች በመድረክ መግለጫውና በገፀ ባሕርያቱ ላይ ለውጥ ሲደረግ ጥብቅ ናቸው። ውጭ አገር ያላችሁ ቡድኖች አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ክፍል ውስጥ ለልምምድ ማንበብ ሌላ ነገር ነው።

ጊዜ ካጠረባችሁ

ነገ ማስረከብ ካለባችሁ ደረጃ 3 እና ደረጃ 4ን ብቻ በደንብ ሥሩና ወደ ደረጃ 10 ዝለሉ። ሁለቱ ብቻ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ያወጣሉ። ደረጃ 2ን ግን አትዝለሉ። ሙሉውን ጮክ ብሎ ለማንበብ ጊዜ ከሌለ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አምስት አምስት ገጽ ከነዝምታቸው አንብቡ።